ለሌላ ሕመም የሚዋጥ መድኃኒትና የዓይን ገጽ ፈውስ

ዓይን በታመመ ጊዜ የሰው አሳብ ፈጥኖ የሚሄደው ከውጭ ወደሚመጣው ነገር ነው። አቧራው፥ ጢሱ፥ ዝንቡ፥ ገለባው ይከሰሳል። ፈውሱም እንደዚሁ ከውጭ ይፈለጋል፤ ጠብታ ይንጠባጠባል፥ ቅባት ይቀባል፥ በቀድሞ ዘመንም ኩል ይኳል ነበር። በመጽሐፈ ጦቢት የተነገረው ታሪክ እንኳ በዚሁ መንገድ የሄደ ነው፤ የጦቢትን ዓይን ነጭ ነገር በሸፈነው ጊዜ ልጁ ጦብያ የዓሣውን ሐሞት በዓይኑ ላይ አደረገለት እንጂ አላጠጣውም።

ይህ አሳብ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የእውነቱ እኩሌታ ብቻ ነው። ለልብ፥ ለቆዳ ወይም ለሚጥል በሽታ ተብሎ በአፍ የተዋጠ ኪኒን ከደም ጋራ ዞሮ ዓይን ዘንድ ይደርሳል። በዚያም የዓይንን ገጽ የሚያረጥቡትንና የሚጠግኑትን ክፍሎች ሊያደክም፥ አልፎ አልፎም ፈጽሞ ሊያጠፋ ይችላል። በአንጻሩም ከሚዋጡት መድኃኒቶች መካከል ዓይንን የሚያድኑ አሉ። ነገሩ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው አይደለም፤ መድኃኒት ወደ አገር እንዲገባ የሚፈቅደውና መዝገቡን የሚይዘው የመንግሥት ሹም፥ ሕመምተኛውም ችግሩን አስቀድሞ የሚያዋየው የነፍስ አባት ሊያውቁት የሚገባ ነው።

ነገሩን ለማስተዋል የዓይን ገጽ እንዴት እንደሚድን አስቀድሞ መረዳት ያሻል። በዓይን ፊት ለፊት እንደ ሰዓት መስተዋት ሆኖ ብርሃንን የሚያሳልፈው ጥርት ያለ ሽፋን ኮርኒያ ይባላል። ውፍረቱ በመካከሉ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። በውስጡም የደም ሥር የለም፤ ቢኖርበት ኖሮ ብርሃን እንደ ልብ ባላለፈ ነበር። ሌላው የሰውነት ክፍል ሲቈስል ደም ምግቡንና መጠገኛውን ተሸክሞ ይደርስለታል፤ ኮርኒያ ግን ከአየር የሚፈልገውን ኦክሲጅን የሚቀበለው በእንባ በኩል ነው፤ ምግቡንም ይልቁን ከበስተኋላው ካለው ጥሩ ውሃ፥ ከፊሉንም ከእንባ ያገኛል። ከላይ የለበሰው ስስ ቆዳ ከ5 እስከ 7 ተርታ በሆኑ ሕዋሳት የተሠራ ሲሆን፥ ከ7 እስከ 10 ቀን በሚሆን ጊዜ ውስጥ አሮጌው እየረገፈ በአዲስ ይተካል። አዲሶቹ ሕዋሳት የሚወለዱት የዓይን ጥቁሩና ነጩ ክፍል በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው፤ ከዚያ ዳር ተነሥተው ወደ መካከል ይሳባሉ። ጥፍር ወይም እሾህ የጫረው ትንሽ ቍስል በአንድና በሁለት ቀን የሚገጥመው ከዚህ የተነሣ ነው። ድንበሩ ላይ ያለው የሕዋሳት ዘር ከጠፋ ግን የሚተካው አይኖርም፤ ያን ጊዜ ከነጩ ክፍል ሽፋንና የደም ሥር እየገፋ መጥቶ ጥሩውን መስተዋት ያደፈርሰዋል።

እንባም ውሃ ብቻ መስሎ ይታያል እንጂ ውሃ ብቻ አይደለም። ውሃውን የእንባ ዕጢ ያመነጫል፤ ከዓይኑ ገጽ ጋራ የሚያጣብቀውን ለስላሳ ዝልግልግ ነገር ነጩን ክፍል በሸፈነው ስስ ቆዳ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ይሰጣሉ፤ እንዳይተንም ከላይ የሚለብሰውን ቅባት ደግሞ በዓይን ቆብ ጠርዝ የተደረደሩ ትንንሽ ዕጢዎች ያፈሳሉ። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል ገጹ ይደርቃል፤ የደረቀውን ገጽ ደግሞ ቆቡ በተርገበገበ ቍጥር ይፍቀዋል፤ የተፋቀውም ሳይገጥም ዳግመኛ ይፋቃል። እነሆ፥ ኮርኒያ ራሱ የደም ሥር ባይኖረውም የሚጠብቁትና የሚመግቡት ጎረቤቶቹ ሁሉ በደም የሚኖሩ ናቸው፤ የተዋጠውም መድኃኒት የሚገባው በእነርሱ በር ነው።

ይህ ነገር ለዓለም በግልጽ የታየው ፕራክቶሎል በተባለ መድኃኒት ምክንያት ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነው ሊቅ ጄምስ ብላክ ፕሮፕራኖሎል የተባለውን መድኃኒት አስገኘ። መድኃኒቱ የልብን ትርታ የሚያበርድ፥ በልብ ሕመም ደረቱን ለሚወጋውም ሰው ዕረፍት የሚሰጥ ሆኖ ስለ ተገኘ እጅግ ተመሰገነ፤ ጄምስ ብላክም በ1988 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ዳሩ ግን ፕሮፕራኖሎል አንድ ጕድለት ነበረበት፤ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሹን ያጠብበታል። ስለዚህ አይ.ሲ.አይ. የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ይልቁን ልብን ለይቶ የሚነካ፥ ለሳንባም የሚራራ ሌላ መድኃኒት ፈልጎ ፕራክቶሎልን አገኘ፤ በ1970ም ኢራልዲን በሚል ስም ለገበያ አወጣው። በእንስሳት ላይ ተፈትኖ በዓይን ላይ የሚያስፈራ ነገር አልተገኘበትም ነበር። ሐኪሞች አመኑበት፤ ብዙ ሕመምተኞችም ጧትና ማታ ይውጡት ጀመር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ዓይናቸው እየቀላ የሚቈረቍራቸው፥ አሸዋ የገባበት ያህል የሚያሳክካቸው ሰዎች ይታዩ ጀመር። አንዳንዶቹም ቆዳቸው ላይ ሽፍታ ወጣባቸው። ነገሩ ከመድኃኒቱ ጋራ ወዲያው አልተያያዘም። የልብ ሕመምተኛ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ በዕድሜ ለገፋ ሰውም የዓይን መድረቅ እንግዳ ነገር አይደለም። ደግሞም ሕመሙ የሚጀምረው ኪኒኑ በተዋጠ ማግስት ሳይሆን ከብዙ ወራት፥ በአንዳንዱም ከዓመታት በኋላ ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው ምክንያት ግን የሥራ ክፍፍል ነው፤ ልብን የሚያክመው ሐኪም ዓይንን አያይም፤ ዓይንን የሚያክመውም ስለ ልብ ኪኒን አይጠይቅም። ሕመምተኛውም ቢሆን ለደረቱ የሚውጠውን ነገር ለዓይን ሐኪም መንገር ይገባኛል ብሎ አላሰበም። የልብ ሐኪሞችን በዚህ ቸልተኞች ብሎ መንቀፍ ግን ፍርድን ማጉደል ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ቀድሞ ተጽፎ ያነበቡት አልነበረምና።

በለንደን ከተማ በ1805 የተመሠረተው የሙርፊልድስ የዓይን ሆስፒታል ሐኪም ፒተር ራይት ሁለቱን ነገር አገናኘ። በ1975 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ፕራክቶሎል ሲውጡ የኖሩ 27 ሰዎችን ሁኔታ ገለጠ። የእንባቸው ውሃ እጅግ ቀንሶ ነበር፤ በነጩ ክፍል ላይ ያለው ስስ ቆዳ ጠባሳ ይዞ ተኮማትሮ ነበር፤ ዝልግልጉን ነገር የሚሰጡት ሕዋሳትም ተለውጠው እንደ ውጭ ቆዳ የደረቁ ሆነው ነበር። አንዳንዶቹ አፍንጫቸውና አፋቸው ቈስሎ፥ ጆሮአቸው ደንቍሮ፥ የሆድ ዕቃቸውም ሽፋን ወፍሮ ተገኘ። ከ27ቱ 3ቱ ብርሃናቸውን በብርቱ አጡ። መድኃኒቱ በተቋረጠ ጊዜ ሕመሙ ቀለል አለ፤ ነገር ግን በአብዛኞቹ የእንባው ጕድለት እንዳለ ቀረ። ለዓይን ገጽ ፈውስ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ከወጣ በኋላ እንኳ ቍስልን የሚያጥበውና የሚመግበው ምንጭ ደርቆ ይቀራል፤ እንዲህ ያለው ደረቅ ኮርኒያም በትንሽ ምክንያት ይቈስላል፥ ባስ ሲልም ይበሳል።

በዚያው ዓመት የሚዋጠው ፕራክቶሎል ከተራው ሕዝብ ሕክምና ወጣ፤ ኩባንያውም ለተጐዱት ካሣ ከፈለ። ለሹማምንት የሚያስተምረው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። እንግሊዞች ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት በማኅፀን ያሉ ሕፃናትን አካለ ጐዶሎ ካደረገ በኋላ፥ በ1964 ሐኪሞች የጠረጠሩትን ጕዳት ሁሉ በቢጫ ካርድ ጽፈው ለመንግሥት የሚያስታውቁበትን ሥርዓት አቁመው ነበር። ካርዱ ነበረ፤ ቢሮው ነበረ፤ ጸሐፊዎቹም ነበሩ። ቢሆንም ፕራክቶሎል በገበያ ላይ በዋለባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለ ዓይን ጕዳት የመጣው ወሬ ከቍጥር የሚገባ አልነበረም። የሐኪሞቹ ጽሑፍ ከታተመ በኋላ ግን ወሬው በመቶ እየተቈጠረ ጐረፈ። ሕመምተኞቹ ቀድሞም በየሐኪሙ ፊት ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። ሰው ያልጠረጠረውን ነገር በካርድ ላይ ሊጽፈው አይችልም።

አሁን በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው ዓለም ከዚህ ይልቅ የሚያሠጋው ሌላ ነገር አለ። በ1922 አልበርት ስቲቨንስና ፍራንክ ጆንሰን የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች በኒው ዮርክ ከተማ ትኵሳት፥ የቆዳ ሽፍታ፥ የአፍ ቍስልና ብርቱ የዓይን ሕመም በአንድነት የያዛቸውን ሁለት ወንዶች ልጆች ታሪክ ጻፉ። እነርሱ አዲስ የትኵሳት በሽታ መስሎአቸው ነበር፤ በኋላ ግን ስቲቨንስ ጆንሰን የተባለውን ይህን በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው የተዋጠ መድኃኒት መሆኑ ታወቀ። ከሚያመጡትም መካከል እንደ ኮትሪሞክሳዞል ያሉት የሰልፋ ዘሮች፥ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፥ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፥ ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል፥ ለኤች.አይ.ቪ. ይሰጥ የነበረው ኔቪራፒንም ይገኛሉ። እነዚህ የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፉ መድኃኒቶች ናቸው፤ በሽታውም የሚይዘው ከብዙ ሺህ አንዱን ነው። የያዘው ሰው ግን መድኃኒቱን ከጀመረ በጥቂት ቀኖች ወይም ሳምንቶች ውስጥ ትኵሳት ይመጣበታል፤ ዓይኑ ይቃጠላል፤ ከዚያም ቆዳው እንደ ተቃጠለ ሰው ቆዳ ይገፈፋል።

በዚህ ጊዜ ሐኪሞች የሚታገሉት ለነፍሱ ነውና ዓይኑ ይረሳል። ቆዳው በሳምንታት ይድናል፤ በዓይን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የተላጠው የቆቡ ውስጠኛ ገጽና የተላጠው የዓይን ገጽ ተያይዘው ይጣበቃሉ፤ የሽፋሽፍቱ ፀጉር ወደ ውስጥ ይዞርና ኮርኒያውን ይፍቃል፤ በድንበሩ ላይ ያለው የሕዋሳት ዘርም ይሞታል። ሰውየው ከሞት ተርፎ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ በወራትና በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይታወራል። ስለዚህ የዓይን ሐኪም ወደ አልጋው መጠራት ያለበት ቆዳው ከዳነ በኋላ ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ነው። በዚያን ጊዜ ዓይኑን ዘወትር በማጠብና በማለስለስ፥ የሚጣበቀውን በማላቀቅ፥ ሕፃን በማኅፀን የሚጠቀለልበትንም ስስ ሽፋን በዓይኑ ገጽ ላይ በማልበስ ብዙ ነገር ማትረፍ ይቻላል። ከስድስት ወር በኋላ ይህ ሁሉ ቢደረግ ጥቅሙ እጅግ ያነሰ ነው።

ከመድኃኒት መካከል የቫይታሚን ኤ ነገር ልዩ ነው። ይህ ቫይታሚን ሲጎድል መጀመሪያ ዳፍንት ይመጣል፤ ቀጥሎም የዓይን ገጽ ይደርቃል፤ በመጨረሻ ኮርኒያው እንደ ቀለጠ ሰም ለስልሶ ይጠፋል። በተለይ ኩፍኝ የያዘው ያልጠገበ ሕፃን በጥቂት ቀኖች ውስጥ ሊታወር ይችላል። በዚህ ጊዜ ሕፃኑን የሚያድነው ጠብታ ሳይሆን የሚዋጠው ቫይታሚን ነው፤ አንድ ዓመት ለሞላው ልጅ 200,000 ዩኒት በመጀመሪያው ቀን፥ ያንኑ ያህል በማግስቱ፥ ደግሞም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይሰጣል። በኢትዮጵያ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ ካፕሱሉ የሚታደለው ነገሩ ከዚህ እንዳይደርስ ነው። ወሬው የሚያስደንቀው ግን እዚህ ላይ ነው። አይሶትሬቲኖይን የሚባል የዚሁ ቫይታሚን የቅርብ ዘመድ አለ፤ በ1982 በአሜሪካ ለብርቱ ብጉር ተፈቀደ። ብጉርን የሚያጠፋው በቆዳ ውስጥ ያሉትን የቅባት ዕጢዎች በማክሰም ነው፤ በዓይን ቆብ ጠርዝ ያሉት የቅባት ዕጢዎች ግን የእነዚያ ወንድሞች ስለ ሆኑ አብረው ይከስማሉ። የእንባው ቅባት ሲጎድል ውሃው ይተናል፥ ዓይንም ይደርቃል። ቫይታሚኑን ያጣ ዓይን ደረቀ፤ የቫይታሚኑ ዘመድ የበዛበትም ዓይን ደረቀ።

መነጽርን ለመተው ዓይናቸውን በሌዘር የሚያስጠርቡ ሰዎች በበዙበት በዚህ ዘመን ይህ ነገር ዋጋ አለው። ከጥርቡ በአንደኛው ዓይነት የኮርኒያ ላይኛው ቆዳ ተገፍፎ እንደ ገና እስኪበቅል ይጠበቃል። የገጹ መልሶ መብቀል እንዳይዘገይ ተፈርቶ በአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ የወጡት የሌዘር መሣሪያዎች መመሪያ አይሶትሬቲኖይን ለሚወስድ ሰው ሥራው እንዳይደረግ ከልክሎአል። አሚዮዳሮን የሚባለውን የልብ መድኃኒት ለሚውጥም እንዲሁ።

ይህ አሚዮዳሮን ለብዙ ጊዜ በተዋጠ ጊዜ፥ በሚውጡት ሰዎች ሁሉ ዘንድ ማለት እስኪቻል ድረስ፥ በኮርኒያ ላይ ቡናማ ዱቄት መሳይ ነገር እንደ ወንዝ አዙሪት ተጠምዝዞ ይታያል። ክሎሮኪንም በመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት ለረጅም ጊዜ ለሚወስዱት ይህን የመሰለ ምልክት ያመጣል፤ ለወባ የሚሰጠው የሦስት ቀን ክሎሮኪን ግን በዚህ አይጠረጠርም። አዙሪቱ በሐኪሙ መሣሪያ ሲታይ ያስደነግጥ ይሆናል እንጂ ብርሃንን የሚጐዳው ከስንት አንዴ ነው፤ መድኃኒቱ ሲቆምም በወራት ውስጥ ይጠፋል። ክሎሮኪን የሚፈራው በኮርኒያ ስለሚያደርገው ሳይሆን በዓይን ውስጠኛው ክፍል ላይ ሊያደርስ ስለሚችለው የማይመለስ ጕዳት ነው። በዓይን ላይ የታየ ነገር ሁሉ መድኃኒቱን ለማስጣል ምክንያት አይሆንም፤ የልቡን ትርታ የሚያስተካክልለትን ኪኒን አዙሪት ፈርቶ ያቋረጠ ሰው ዓይኑን ሳይጐዳ ነፍሱን ሊያጣ ይችላል። ለሚጥል በሽታ የሚዋጠውንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት መጣል ብርቱ አደጋ አለው።

ሌሎቹን ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። ለጕንፋንና ለማሳከክ የሚሰጡ ብዙ ኪኒኖች፥ ለኀዘንና ለእንቅልፍ ማጣት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም እንባን ያሳንሳሉ፤ አፉ የሚደርቅበት ሰው ዓይኑም ሊደርቅበት ይችላልና ምልክቱ ቀላል ነው። ፕሬድኒሶሎንና ዘመዶቹ የሰውነትን እብጠት አብርደው ብዙ ዓይን አድነዋል፤ ነገር ግን የቍስልን መግጠም ያዘገያሉ፥ ሰውነትም ተባይን እንዳይከላከል ያደክማሉ፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱም የዓይን ሞራና ግላኮማ ያመጣሉ።

በሚዋጥ መድኃኒት ዓይን መዳኑን ለማሳየት ደግሞ ከኢትዮጵያ የሚበልጥ ምስክር አይገኝም። ትራኮማ የቆቡን ውስጥ ጠባሳ አድርጎ የሽፋሽፍቱን ፀጉር ወደ ኮርኒያ ያዞረዋል፤ ቆቡ በቀዶ ጥገና ከተቃና በኋላም ፀጉሩ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይዞራል። በወላይታ በተደረገና በ2006 በታተመ ፈተና፥ ቀዶ ጥገናው እንዳበቃ አንድ ጊዜ ብቻ አዚትሮማይሲን የዋጡ ሰዎች የቴትራሳይክሊን ቅባት ከተቀቡት ይልቅ ፀጉሩ የተመለሰባቸው በሢሶ ያህል አነሱ። ጠባሳ እንዳይኮማተር ያደርጋል ተብሎ በላቦራቶሪ ተስፋ የተደረገበት ዶክሲሳይክሊን ደግሞ በአማራ ክልል በ1000 ሰዎች ላይ ተፈተነ፤ በ2018 የታተመው ውጤት ከባዶ ኪኒን የማይሻል መሆኑን አሳየ። ይህም እንደ መጀመሪያው ያለ ጥቅም አለው፤ ለ28 ቀን የማይረባ መድኃኒት ከመዋጥ ያድናልና።

በኢትዮጵያም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒት ያደረሰውን ጕዳት የሚቀበልበት የማስታወቂያ ቅጽ አለው። ቅጹን ለመሙላት ጕዳቱ የመድኃኒቱ ሥራ መሆኑን ማረጋገጥ አያስፈልግም፤ መጠርጠር ይበቃል። መድኃኒቱ ምን እንደ ነበረ፥ ከመቼ ጀምሮ እንደ ተወሰደ፥ ምን እንደ ታየ ይጻፋል። የጐደለው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ሳይሆን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ነው። ዓይኑ ያለ ምክንያት ደርቆ፥ ቍስሉም አልገጥም ብሎ የመጣን ሰው የዓይን ሐኪሙ ወይም ነርሱ በቤቱ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዞ እንዲመጣ ማዘዝ አለበት፤ አሁን የሚውጠውን ብቻ ሳይሆን ባለፈው ዓመት የጨረሰውን ጭምር። ከፕራክቶሎል ሕመምተኞች መካከል የሆድ ዕቃቸው ሽፋን መወፈር የታየባቸው መድኃኒቱን ካቆሙ ከብዙ ጊዜ በኋላ የሆኑ ነበሩ።